ሦስት ስም ያለው ስንዴ

ኩብሳ የተባለውን የዳቦ ስንዴ የአርሲ ደጋ ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ለአምራቾች ከተለቀቀ ወዲህ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ ባሌ ድረስ በብዛት ሲዘራ የኖረ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ አገር ሲያዳርስ ክፉኛ ከተመቱት ዝርያዎች አንዱም እሱ ነበር። ይህ ስንዴ ግን ኩብሳ ከመባሉ በፊት ሌላ መጠሪያ ነበረው። በሙከራ ማሳ ላይ በነበረበት ዘመን ተመራማሪዎች ኤች ኤ አር 1685 እያሉ ይጽፉት ነበር። መነሻው የሆነው ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ ሲሚት፣ ደግሞ አቲላ ይለዋል።

እንግዲህ አሰላ ያለ አንድ የግብርና ተማሪ ስለዚህ ስንዴ ሊያጠና ተነሳ እንበል። በዲጂታል ቤተ መጻሕፍቱ የፍለጋ ሳጥን ውስጥ «ኩብሳ» ብሎ ሲጽፍ የሚመጣለት ዝርያው ከተለቀቀ በኋላ የተጻፈው ብቻ ነው። የሙከራ ዓመታቱ ሪፖርት በቁጥሩ ስር ተኝቷል፤ የውጭዎቹ ጥናት በአቲላ ስም ተቀምጧል። ማንም ምንም አልደበቀበትም። ሰነዶቹ ስካን ተደርገዋል፤ ፋይሎቹ ሰርቨር ላይ አሉ፤ መብራትና ኢንተርኔትም አለ። ተማሪው ግን «በዚህ ላይ ብዙ አልተሠራም» ብሎ ይጽፋል፤ አማካሪውም ያምነዋል።

ይህ ምዕራፍ በፋይሉና በፈላጊው መካከል ስለሚቆሙት ጥቂት መስመሮች ነው። ባለሙያዎች ሜታዳታ ይሏቸዋል። ስለ አንድ ሰነድ የሚጻፍ አጭር መግለጫ ማለት ነው፤ ርዕሱ፣ ያዘጋጀው ሰው፣ የተጻፈበት ጊዜ፣ የሚናገርለት ቦታ፣ ጉዳዩ፣ ቋንቋው፣ የመጠቀም መብቱ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ደብሊን በተባለች ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የጀመሩት ደብሊን ኮር የተባለው ሥርዓት እነዚህን መግለጫዎች ወደ 15 ሳጥኖች ሰብስቧቸዋል። ዛሬ በብዙ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ መመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡበት ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር የሚሠራው በዚሁ መሠረት ነው። ሳጥኖቹ ለሁሉም አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ሳጥኑ ውስጥ ከሚጻፈው ነው፤ እሱን ደግሞ ኦሃዮ ላይ የተሰበሰበ ሰው ሊጽፍልን አይችልም።

ለዚህ ምዕራፍ ምሳሌ አርሲን የመረጥኩት ብዙ የተጻፈለት፣ የተጻፈለት ግን የተበተነበት አገር በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቋመ። ሕዝቡ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ ካዱ ብሎ ጠራው፤ እስከ ዛሬም የሚያስታውሰው በዚሁ ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያከፋፍል፣ ወተት ይሰበስብ፣ ከብት ያዳቅል፣ ገበሬ ያሠለጥን ነበር። ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም የተተከለው በዚያው ዘመን ነው። ካዱ ደግሞ የሠራውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ተከታታይ ቁጥር የተሰጣቸው ጥናቶቹ ስለ አፈር፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ጢሰኛው ኑሮ፣ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጢሰኛ ስለማፈናቀላቸው ይናገራሉ። በኋላ ድርጅቱ መላ ክፍለ ሀገሩን እንዲያካትት ሲደረግ ስሙ ተለውጦ አርዱ ተባለ።

አሁን አንድ ሰው «ካዱ» ብሎ ቢፈልግ የአርዱን አያገኝም። ሙሉ ስሙን በእንግሊዝኛ ጽፎ ቢፈልግ ምህጻረ ቃሉን ብቻ የያዙትን አያገኝም። በአማርኛ ቢፈልግ፣ ሪፖርቶቹ በብዛት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ መግለጫ ጸሐፊው አስቦ የአማርኛውን ስም ካልጨመረ በስተቀር ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል። በአፋን ኦሮሞ ለሚፈልገውም እንደዚሁ ነው። በቁቤ የከተማዋ ስም «አሰልላ» ተብሎ በሚነበብ አጻጻፍ፣ ኤሉ ጠብቆ አናባቢው ረዝሞ ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል የቆዩት የእንግሊዝኛ ሰነዶች ግን አንዴ ኤሱን ደርበው፣ አንዴ ኤሉን ደርበው፣ አንዴ ሁለቱንም ነጠላ አድርገው ይጽፏታል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። የተቋሙንና የከተማውን ስም ሁሉ በአንድ መዝገብ ሰብስቦ፣ አንዱን ዋና አድርጎ፣ ሌሎቹን «ይህም ይባላል» በሚል ማያያዝ ነው። የስም መዝገብ የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ከተሠራ ለሺህ ሰነድ ያገለግላል።

የአርሲ ስሞች ሌላም ጣጣ አላቸው። አንድ ስም ሁለት ነገር ይሆናል። ጋላማ ከአሰላ ደቡብ ምሥራቅ የሚታይ የተራራ ሰንሰለት ነው፤ ጋላማ እንደ ኩብሳ ሁሉ ቢጫ ዋግ ያጠቃው የስንዴ ዝርያም ነው። ዲገሉ ከጢጆ ጋር ተጣምሮ ሳጉሬን ዋና ከተማው ያደረገ ወረዳ ነው፤ ዲጋሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 የግንድ ዋግ ያወደመው ስንዴ ነው። በሽታውን ያመጣው የዋግ ዘር በዓለም የሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ በዚያው ስንዴ ስም እስከ መጠራት ደርሷል። ዋቤም ወንዝ ነው፤ ዋቤም ስንዴ ነው። የአርሲ ዝርያዎች በአርሲ ወንዝና ተራራ መጠራታቸው መልካም ነገር ነው። ነገር ግን መግለጫው «ጋላማ» ብቻ ብሎ ካለፈ ስለ ተራራው አፈር መሸርሸር የሚያጠናው ሰው የስንዴ ሰንጠረዥ ውስጥ ይዋኛል፤ የስንዴው ተመራማሪም የተራራ ካርታ ሲያገላብጥ ይውላል። «ጋላማ፣ የስንዴ ዝርያ፣ ኤች ኤ አር 604» ብሎ መጻፍ ስንት ሰከንድ ይወስዳል?

የቦታ ስም ከዘመን ጋርም መታየት አለበት። በንጉሡ ዘመን አሩሲ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ በስሩም ጭላሎ፣ አርባ ጉጉና ጢቾ የሚባሉ አውራጃዎች ነበሩት። በደርግ ዘመን ክፍለ ሀገር ሆነ። ዛሬ አሰላን ዋና ከተማው ያደረገው አርሲ ዞን አለ፤ ሻሸመኔን ማዕከል ያደረገው ምዕራብ አርሲ የሚባል ሌላ ዞንም አለ። ስለዚህ በአውራጃው ዘመን የተጻፈ አንድ ሰነድ «አርሲ» ሲልና የዛሬ ተመራማሪ «አርሲ» ሲል አንድ ወሰን እያሰቡ አይደለም። ጎረቤቷ አዳማም ለብዙ ዓመታት ናዝሬት ትባል ነበር። መግለጫ ጸሐፊው ሰነዱ ራሱ የተጠቀመበትን ስም ሳይለውጥ ማስቀመጥ፣ የዛሬውንም ስም ጎን ለጎን መጻፍ አለበት። የቀድሞውን አጥፍቶ በዛሬው መተካት ታሪክ ማጉደል ነው፤ የቀድሞውን ብቻ ማስቀመጥም የዛሬውን ልጅ በር ላይ መተው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያስጨንቀኝ የዓመቱ ጉዳይ ነው። 1967 የሚለውን ቁጥር እንውሰድ። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ካዱ የተቋቋመበት ዓመት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የወጣበት ዓመት ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ተኩል ያህል አለ። በእነዚያ ዓመታት መጨረሻ ላይ ባለርስትና ጢሰኛ የሚባል ግንኙነት ከሕግ ፊት ጠፍቷል። አንድ የጭላሎ የመሬት ይዞታ ጥናት የዓመት ሳጥኑ ውስጥ «1967» ብቻ ተጽፎበት ቢቀመጥ፣ አንባቢው ጢሰኛ ስለነበረበት ማሳ ያነብ እንደሆነ ወይም ጢሰኛ ስለሌለበት ማሳ ያነብ እንደሆነ አያውቅም። ይህን የሚያህል ስሕተት የሚፈጠረው ሁለት ፊደልና ሁለት ነጥብ ባለመጻፉ ነው።

ዛሬም ችግሩ አለ። «2010» የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ ቢጫ ዋጉ በተነሳበት ዓመት የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሰባትና ስምንት ዓመት ዘግይቶ በ2010 ዓ.ም. የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ዓመቱን ሁሉ ጎርጎርዮሳዊ አድርጎ ስለሚወስድ በቅደም ተከተል ሲደረድር ያለ ቦታቸው ያስቀምጣቸዋል። የምመክረው አሠራር ቀላል ነው። ማሽኑ በሚያነበው ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ የጎርጎርዮስ ዓመት ይግባ፤ ሰው በሚያነበው መግለጫ ውስጥ ደግሞ ሰነዱ ላይ ያለው ቀን እንዳለ፣ ዓ.ም. ተብሎ ይጻፍ። ወሩ ካልታወቀ አንዱን ዓመት በግምት መምረጥ አይገባም። 1967 ዓ.ም. የጀመረው መስከረም 1 ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1974 ነው፤ ያለቀው ጳጉሜን 6 ቀን፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1975 ነው። ስለዚህ «1974/1975» ተብሎ በክልል ይቀመጣል። ዘመናዊ ሥርዓቶች ይህን አጻጻፍ ይረዱታል።

የሰው ስም ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። የውጭው ሶፍትዌር ሁለት ሳጥን ያቀርባል፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ አንዱ ለራስ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው የአባት ስም ነው። የካታሎግ ሕጎችም ሰው በሀገሩ በሚጠራበት ሥርዓት እንዲመዘገብ ይፈቅዳሉ። ታዲያ አንዱ ሠራተኛ የተማሪዋን ስም አስቀድሞ፣ ሌላው የአባቷን አስቀድሞ ሲመዘግብ አንዲት ተመራማሪ ሁለት ሰው ትሆናለች። ከአሰላ የወጣውን ሯጭ ኃይሌ ገብረሥላሴን ዓለም የሚዘግበው በአባቱ ስም ነው፤ በአገሩ ግን «ገብረሥላሴ አሸነፈ» ብሎ የሚጮህ የለም። የእሱን ስም በአማርኛ ለመጻፍ ብንሞክር «ኃይሌ»ን በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በብዙኃኑ ኀ እና በኃ፣ ቢያንስ በአራት መንገድ እናገኘዋለን። የአባቱን ስም አንዱ አያይዞ፣ አንዱ ነጥሎ፣ አንዱ በእሳቱ ሰ፣ አንዱ «ገ/ሥላሴ» ብሎ፣ አንዱ «ገ/ስላሴ» ብሎ ይጽፈዋል። አራትን በአምስት ስናባዛ አንድ ሰው 20 ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ፊደላችን ለአንድ ድምፅ ከአንድ በላይ ምልክት አለው፤ ኮምፒውተር ደግሞ የሚያየው ምልክቱን እንጂ ድምፁን አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሠ እና ሰ የተለያየ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ይህም ትክክል ነው፤ በግዕዝ የትርጉም ልዩነት ያመጣሉና። ነገር ግን «አሰላ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «አሠላ» ተብሎ የተጻፈውን ማግኘት አለበት። ይህ በሁለት በኩል ይስተካከላል። የሶፍትዌሩ ባለሙያ የፍለጋ ሞተሩ ሐ፣ ኀ እና ሀን፣ ሠ እና ሰን፣ ዐ እና አን፣ ፀ እና ጸን እንደ አንድ እንዲቆጥር አንድ አጭር የማዛመጃ ፋይል ማስገባት ይችላል። ዲስፔስ የሚጠቀምበት የፍለጋ ሞተር ይህን ይቀበላል። መግለጫ ጸሐፊው በበኩሉ «ገ/»፣ «ወ/»፣ «ኃ/» የሚሉ ማሳጠሪያዎችን ፈትቶ ሙሉውን ይጻፍ። ማሳጠር ወረቀት ውድ በነበረበት ዘመን ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ጥቅሙ አይታየኝም።

ሌላው የአማርኛ ጠባይ ደግሞ ብዙም ሲነገርለት አልሰማሁም። «በአሰላ ከተማ የወተት ላሞች አያያዝ» የሚል ርዕስ ውስጥ «አሰላ» የሚለው ቃል ለብቻው የለም። ያለው «በአሰላ» ነው። ሙሉ ቃል በሙሉ ቃል የሚያነጻጽር የፍለጋ ሞተር «በአሰላ»ን፣ «የአሰላ»ን፣ «ከአሰላ»ን እና «ለአሰላ»ን አራት የማይተዋወቁ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። ስለዚህ ርዕሱ ላይ ቦታው ተጠቅሷል ተብሎ የቦታው ሳጥን ባዶ መተው የለበትም። እዚያ ሳጥን ውስጥ ስሙ ራቁቱን፣ ያለ ምንም መስተዋድድ ይግባ። ይህ በተለይ ስካን ለተደረጉ ሰነዶች የሞት ሽረት ነው። ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶ ነው፤ ጽሑፉ በሶፍትዌር ካልተነበበ በስተቀር ውስጡ የሚፈለግ ቃል የለውም። በዩኒኮድ ሳይሆን በቀድሞዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተተየቡ ፋይሎችም ለፍለጋ ሞተሩ ትርጉም አልባ የላቲን ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ሰነዶች ለዓለም የሚታዩት በመግለጫቸው ብቻ ነው። መግለጫው ከደከመ የውሃ ሽታ ሆነው ይቀራሉ።

የጉዳይ ቃላት ሲመረጡ ደግሞ ማን እንደሚፈልግ ማሰብ ያሻል። ቢጫ ዋግ በእንግሊዝኛ ሁለት የተለመዱ ስሞች አሉት፤ አንዱ ከቀለሙ፣ ሌላው ቅጠሉ ላይ ከሚሠራው መስመር የወጣ ነው። አንዱ ደራሲ ይህን፣ ሌላው ያንን ይጠቀማል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አግሮቮክ የተባለ ከ40 በላይ ቋንቋዎችን የያዘ የእርሻ ቃላት መዝገብ ያዘጋጀው እንዲህ ያሉትን ስሞች በአንድ ጥላ ስር ለማምጣት ነው። ከእሱ የተወሰደ ቃል መጠቀም የአሰላውን ሰነድ ከዓለም ጋር ያገናኘዋል። ብቻውን ግን አይበቃም። የሳጉሬ የልማት ሠራተኛ ማሳው ቢጫ ሲሆን ስልኩ ላይ የሚጽፈው «ዋግ» ብሎ ነው፤ «የስንዴ በሽታ» ብሎ ነው። ሁለቱም ቃል ጎን ለጎን ይቀመጥ። እንደኔ እምነት ከሁለቱ አንዱ የግድ ይቅር ከተባለ የልማት ሠራተኛው ቃል ነው መቆየት ያለበት፤ ሳይንቲስቱ ሌላም መንገድ አያጣም።

መግለጫ መጻፍን እንደ ጸሐፊነት የምቆጥረው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ተቋማት ጋር ሆና በየገዳሙና በየአድባራቱ ያሉትን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመረች። 9,000 ገደማ ብራናዎች ተነሱ። ቅጂው ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደዚያ ሄደው እነዚያን ፊልሞች አንድ በአንድ ማንበብ ያዙ። እሳቸውና ዊሊያም ማኮምበር ያዘጋጁት ካታሎግ በአሥር ቅጽ ታትሟል። እዚያ ላይ የብራናው ርዕስ ብቻ ተጽፎ አይታለፍም። የመጀመሪያው ቃል፣ ጸሐፊው፣ ያስጻፈው ሰው፣ በማን ዘመነ መንግሥት እንደተጻፈ፣ ኅዳጉ ላይ ስለ ርስትና ስለ ጉልት የተጨመረው ማስታወሻ ሁሉ ይዘረዘራል። የፕሮፌሰሩን እውቀት አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. በ1988 በማክአርተር ሽልማት አክብረውታል። የታተሙት ቅጾች የቆሙት 5,000ኛው ብራና ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ፎቷቸው ቢኖርም ያን ያህል ዝርዝር የታተመ መግለጫ ሳይኖራቸው ለዓመታት ቆይተዋል። ዛሬ የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲው «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት ለእያንዳንዱ የግዕዝ ድርሰት መለያ ቁጥር እየሰጠ በኮምፒውተር የሚያስተሳስረው እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ቆሞ ነው።

ይህን ያነሳሁት ለአርሲ ሰነዶችም ያንን ዓይነት አንባቢ ስለምመኝላቸው ነው። እንበል አንድ ሽፋኑ ላይ «የመጨረሻ ሪፖርት» ብቻ የሚል ሰነድ አለ፤ ውስጡ ስለ ወተት አሰባሰብ ነው። ሰነፍ መግለጫ «የመጨረሻ ሪፖርት፣ 1967፣ ግብርና» ብሎ ያልፋል። የተጋ ጸሐፊ ግን የሽፋኑን ርዕስ እንዳለ ትቶ በማዕዘን ቅንፍ «በጭላሎ አውራጃ የወተት አሰባሰብ» የሚል ይጨምርበታል። ቀጥሎም በሦስት ዓረፍተ ነገር ይገልጸዋል፦ ማን እንዳዘጋጀው፣ የትኞቹን መንደሮች እንደሚያካትት፣ የገቢ ሠንጠረዥና የሳጉሬ ካርታ እንዳለው፣ የትኛው ገጽ እንደጎደለ። «ጠቃሚ ጥናት ነው» ብሎ ማሞገስ አያስፈልግም፤ ማንም «ጠቃሚ» ብሎ አይፈልግም። እንዲህ ያለ መግለጫ ለመጻፍ ሰነዱን ገልጦ ማንበብ የግድ ነው፤ ጊዜም ይበላል። ተቋማት በጀት ሲይዙ ለስካነሩ እንጂ ለዚህ ጊዜ አይመድቡም። ትልቁ ጥፋት ይህ ይመስለኛል። በቀን መቶ ሰነድ ስካን አድርጎ አንዱንም ሳይገልጹ ከመጫን አሥሩን በደንብ ገልጾ መጫን እጅግ ይሻላል።

ፎቶግራፎቹ ደግሞ ጊዜ አይሰጡም። በካዱ ዘመን የተነሳ ፎቶ ላይ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከኋላው ያለው ተራራ ጭላሎ ይሁን ጋላማ፣ ማሳው በየትኛው ቀበሌ እንደሚገኝ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ሶፍትዌር አይነግረንም። የሚያውቁት ካዱ ሲመሠረት ወጣት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ያኔ ሃያ ዓመት የሞላቸው ዛሬ ሰማኒያ እየተጠጉ ነው። አሰላ፣ ሳጉሬ፣ በቆጂ ወይም ቁሉምሳ ያላችሁ፣ በቤታችሁ የዚያን ዘመን ፎቶ ወይም ሪፖርት ያላችሁ፣ አጠገባችሁ ካሉት አባቶችና እናቶች ጋር በዚህ ሳምንት ተቀመጡ። ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን ከነአቆጣጠሩ ጠይቃችሁ ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፉ።